ጋዝ የማይጠጡ መንትዮች

ጋብሮቮ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2011

ለዝላቲና፣ ለአጎቴ ልጅ ለጋኒዮ የልጅ ልጅ፤

ባሕር ያሻገረሽ አምላክ ጤና አይንሳሽ። ቅድስት ፔትካም በወጣሽ በገባሽበት ትከተልሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዋ ከድቷታል የሚሉሽን አትስሚ፤ ሰዉ ነው ማንሾካሾክ ያበዛው። ልጄ ሚንቾ ክሬን ከሚነዳበት ከቫርና ወደብ ጆሮ ላይ የሚሰካ መሣሪያ አምጥቶልኝ አንድ ቀን ሰካሁት። የራሴ ጥርስ ሲያኝክ ሳዳምጥ ዋልኩና አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ስለዚህ በስልክ አትድከሚ። ያለሽን ጻፊ፤ ወረቀት አያንሾካሹክም።

ነዳጅ የማትጠጣ የሰማይ መርከብ እሠራለሁ ብለሽ የጻፍሽውን ለጎረቤቶቼ አነበብኩላቸው። «አይ የጋብሮቮ ልጅ! ሰማይ ወጥታም ቆጠባ!» ብለው ተንከተከቱ። በሩ ቶሎ እንዲዘጋና የምድጃው ሙቀት እንዳይወጣ የድመታቸውን ጭራ የሚቆርጡ ሰዎች እየተባልን ስንት ዘመን ተዘበተብን! እኔ ግን አልሳቅሁም። ባትጠጣ ምን አለበት? ጠጪ ማንን ጠቀመ? ባሌን አስታውሺ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሚንቾ ቤቱን ቆልፌ እሱ ዘንድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እንድገባ ይፈልጋል። «እማዬ፣ ባሕር እያየሽ ትኖሪያለሽ» ይለኛል። ባሕሩን ምን ላደርገው ነው? አልቀዳው፣ አላርሰው። ሰበቡ ብቻዬን መኖሬ ነው። አንቺ መጥተሽ አያትሽ ክፍል ብትገቢ አፉ ይዘጋል። እናትሽ ከሞተች በኋላ ያደግሽበት ክፍል ነው፤ ጣሪያውን አስጠግኜዋለሁ። እስከ ጁላይ ነይ። ትምህርት እንደሆነ ከዚህ በላይ ምን ሊጨመርብሽ ነው?

አክስትሽ ስቶይና

*

ኮሎራዶ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2011

ለተከበሩ አክስቴ ለስቶይና፤

ከዚህ ከተራራ ሥር የተነሳች ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግራ ደጅዎን ታንኳኳ። ጤናዎን ያብዛልኝ። ጆሮዎንም፣ እውነት ሰዉ ከሆነ ያስቸገረዎት፣ ለሰዉ ልቦና ይስጠው።

ልመጣ አልችልም። ለምን እንደማልችል እንዲገባዎት ሥራውን በደንብ ላስረዳዎት። ሁለት ትንንሽ ሳተላይቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የእርስዎን የልብስ ሣጥን ቢያክሉ ነው። እጅግ ከፍ ብለው፣ ሠላሳ ሜትር ያህል ተራርቀው፣ ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው። ዝም ብለው ከተተዉ ቀስ በቀስ ወይ ይለያያሉ ወይ ይላተማሉ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ጋዝ ጭኖ መላክ ነው፤ ሲራራቁ በዚህ በኩል ፉት፣ ሲቀራረቡ በዚያ በኩል ፉት። ጋዙ ያልቃል። ሲያልቅ ሳተላይቱም አለቀለት ማለት ነው። ደግሞም ቅርብ ሆኖ የሚተፋ ጎረቤት የሌላውን ዓይን ያጨልማል፤ ሳተላይቶቹ የሚተያዩት በመስታወት ነውና።

የእኔ መንገድ ሌላ ነው። በብርድ ቀን የናይለን ሹራብዎን ሲያወልቁ ይንጣጣ የለ? ጸጉርዎም ይቆም የለ? የሚቆመው እያንዳንዱ ጸጉር ጎረቤቱን ስለሚገፋ ነው። ሳተላይቶቹንም እንደዚያው ኤሌክትሪክ እናስይዛቸዋለን፤ ቻርጅ እንለዋለን። አንድ ዓይነት ቻርጅ ከያዙ ይገፋፋሉ፣ የተለያየ ከያዙ ይሳሳባሉ። ጉልበቱ ትንኝ ከምታነሳው አይበልጥም። ግን እዚያ ከፍታ ላይ ነፋስ የለም፣ የሚያደናቅፍ የለም፣ ትንኝም ትበቃለች። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከፀሐይ ነው። የሚቃጠል ነገር የለም፣ የሚያልቅም የለም። የሚያስፈልገው ሳይሰለቹ መጠበቅ ነው፤ አሁን ትንሽ መግፋት፣ አሁን ትንሽ መሳብ። መልሱ ከዘገየ ነገሩ ይበላሻል። በደብዳቤ ቢሆን ኖሮ፣ እንደኛ፣ ገና ድሮ ተላትመው ነበር።

ኃላፊያችን ፕሮፌሰር ኮርዊን ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች ማርች 1 ቀን ላቦራቶሪያችን መጥተው ያያሉ። ትንሽ ባዘነበለ ሐዲድ ላይ በአየር የምትንሳፈፍ ኳስ አለችን፤ ከታች ደግሞ በፕላስቲክ እግር የቆመች ሌላ ኳስ አለች። የምትንሳፈፈዋ ቁልቁል ልትንሸራተት ስትል የቆመችው ገፍታ ካቆመቻት፣ ሳተላይቶቹ ያለ ጋዝ ይሄዳሉ። ካልሆነ ጋዝ ይጫናል፤ እኔም አምስት ዓመት የለፋሁበትን ነገር አጅቤ የምሸኝ ለቀስተኛ እሆናለሁ። አልሆንም፣ አክስቴ። ይወቁልኝ።

የልጅ ልጅዎ ዝላቲና

*

ጋብሮቮ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 2012

ለዝላቲና፤

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰሽ። በረዶ ሰብሮ ወንዝ የገባውን መስቀል ያወጣ ጌታ ያንቺንም ነገር ያውጣው። ዘንድሮ መስቀሉን የያዘው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነው። ከያንትራ ወንዝ ሲወጣ ከንፈሩ እንደ ፕሪም ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸጉሩም ሹራቡም ገባኝ። ያልገባኝ ድርቅናሽ ነው። ጋዝ ጫኚ ካሉሽ ጫኚላቸው! አንቺ ላይ አይጫን! ወረቀትሽን ተቀብለሽ ነይ። ሰው ዓይኑ ይጨልማል ብለሽ ነው? የሳተላይት ዓይን ቢጨልም አንቺ ምን ቤት ነሽ?

ደረቅ የዘራችን ነገር ነው፣ አውቃለሁ። አያትሽ ጋኒዮ በግቢው አጥር ተጣልቶኝ አምስት ዓመት በአንድ በር ስንወጣ ስንገባ አላናገረኝም። ቀረብ ስንል እንጣላለን፣ ራቅ ስንል እንፈላለጋለን። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ ይላል ያገሬ ሰው፤ እኛ ግን አመዱን እየበተንን ነው የኖርነው።

ፖስታው ስለሚንቀራፈፍ የማርች ክርሽን ካሁኑ ልኬዋለሁ። ሁለት ናቸው፤ ቀዩንም ነጩንም እኔው ነኝ የገመድኩት። አንዱን ማርች 1 ቀን ጠዋት እጅሽ ላይ እሰሪ፤ ሽመላ እስክታዪ ድረስ አትፍቺ። ሁለተኛውን ከክፉ ዓይን እንዲጠበቅ በምትፈልጊው ነገር ላይ። እኔ በፕሪሙ ዛፍ፣ በፍየሏና በሚንቾ መኪና ላይ አስራለሁ። መኪናው ላይ ሳስር ይናደዳል፤ ለዚያም ነው የማስረው።

እስከ ጁላይ ያልኩሽን አትርሺ።

ስቶይና

*

ኮሎራዶ፣ ማርች 9 ቀን 2012

ለተከበሩ አክስቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ክሮቹ በደህና ደርሰዋል፤ ስለ መልካም እጅዎ አመሰግናለሁ።

አልሆነም። በሰዎቹ ፊት ኳሷ ተንሸራታ ሄዳ የቆመችው ላይ ቋ! ብላ ተላተመች። ብልጭታ ወጣ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሚስተር ፔል የሚባል፣ «ይኼ በጠፈር ላይ ቢሆን የሁለት ሳተላይት ዋጋ ነበር» አለ። ሌሎቹ ካፖርታቸውን አነሱ።

አንድ ነገር ኤሌክትሪኩን አፍስሶታል። ድጋሚ ላሳያችሁ ብዬ ለመንኩ፤ አይሆንም አሉ። አሁን ኮርዊን የጋዙን ንድፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጧል። በወሩ መጨረሻ ካልፈረምኩ ከሥራው እወጣለሁ። አልፈረምኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚሉት፣ እኔም የያዝኩትን አልለቅም፤ የእነሱን ወረቀት ደግሞ አልይዝም።

ዝላቲና

*

ጋብሮቮ፣ ኤፕሪል 17 ቀን 2012

ለዝላቲና፤

ክርስቶስ ተነሥቷል! የቀይ እንቁላል ውጊያውን ዘንድሮም እኔው አሸነፍኩ። የጎረቤቶቼን እንቁላል ሁሉ ሰብሬ የእኔ አልተነካም፤ ሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀምጬዋለሁ። ያንቺን ድርሻም እኔው ሰብሬልሻለሁ።

ደብዳቤሽ አጭር ነው። አጭር ደብዳቤ አልወድም። «አንድ ነገር አፍስሶታል» ትያለሽ። አንድ ነገር ስም የለውም? ደግሞ እጅሽ ላይ ስላሰርሽው ክር አልጻፍሽም፤ ሽመላ አየሁ፣ አላየሁም አላልሽም። ሁልጊዜ ትጽፊ ነበር። ሁለተኛውንስ የት አሰርሽው?

ጨርሰሻል ማለት ነው። ስለዚህ ፈርሚላቸውና ነይ። መምጣቱ ቢቆይብሽ እንኳ ለሚንቾ «እመጣለሁ፣ ከእሷ ጋር ልኖር ነው» ብለሽ አንድ ወረቀት ጻፊለት። በሜይ ሻንጣ ይዞ ይመጣል። እሱን ወረቀት አሳይቼ ልመልሰው።

ስቶይና

*

ኮሎራዶ፣ ጁላይ 30 ቀን 2012

ለተከበሩ አክስቴ ለስቶይና፤

ሰላምታዬ ከነኀፍረቷ ይድረስዎ። ሦስት ወር ሙሉ መልስ ያልሰጠሁት ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላላወቅሁ ነው። ለሚንቾም አልጻፍኩም፤ የማልፈጽመውን ነገር መጻፍ አልቻልኩም። ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ነገር ስም የለውም ወይ ብለውኛል። አለው። ክርዎ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት አንዱን እጄ ላይ አሰርኩ። ሁለተኛውን የቆመችው ኳስ የፕላስቲክ እግር ላይ አሰርኩት። ሌላ ምን ላይ ልሰር? በዚህ ዓለም ላይ ከክፉ ዓይን እንዲጠበቅ የምፈልገው ያንን ነበር። እንግዶቹ እንዳያዩት ዝቅ አድርጌ ነው ያሰርኩት፤ ጫፉ እስከ ብረቱ ጠረጴዛ ወርዶ ነበር። ዕለቱ በረዶ ይጥላል፣ ሰዎቹ እርጥብ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ገቡ፣ የእኔም መዳፍ በላብ ርሷል። እርጥብ የጥጥ ክር ለእኛ ሥራ ሽቦ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ በክሩ ተንሸራቶ መሬት ገባ፤ ኳሷ መሬት ያዘች እንላለን። መለኪያውን ባየው ይነግረኝ ነበር፤ እኔ ግን የማየው የሰዎቹን ፊት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሳጸዳ እጄ ክሩ ላይ ደረሰና ቁጭ አልኩ።

ለኮርዊን ወስጄ አሳየሁት።

«ይኼ ምንድነው?» አለኝ።

«ስህተቴ ነው። ኳሷን መሬት ያስያዛት ይኼ ነው። ንድፉ ምንም አልሆነም።»

«እና ለነሚስተር ፔል ምን ብዬ ልጻፍ? አንዲት ዶክተር መሣሪያዋ ላይ የአክስቷን ክር አሰረች ልበል?»

«እንደዚያ ብለው ይጻፉ። እውነቱ እሱ ነው።»

«ይስቁብኛል!»

«እኔ ላይ ነው የሚስቁት። ለምጄዋለሁ፤ የመጣሁት ጭራ ከሌላቸው ድመቶች አገር ነው።»

አልጻፈም። እኔ ጻፍኩ። ሳቁ። ድጋሚ ማሳየት ግን ክልክል ነው፣ ጊዜ የለም አሉ።

አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎትና ይቆጡኝ። መሬት የያዘች ኳስ መግፋት አትችልም። ቻርጅ ያለው ጎረቤት ሲቀርባት ወደ ራሷ መሳብ ብቻ ነው የምታውቀው። ያንን ነገር ለሌሎች ሳስረዳ እርስዎ ትዝ አሉኝ። በያንዳንዱ ደብዳቤ ነይ ይሉኛል። ፈርሚና ነይ፣ ጫኚና ነይ። አንድ ቀን እንኳ «በርቺ» ብለውኝ አያውቁም። ተናድጄብዎታለሁ። ክሩን የላኩት በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱ ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል።

በመጨረሻው ቀን ኮርዊን ብዕር ይዞ መጣ።

«ፈርሚ፣ ዝላቲና። ጋዙ ይጫን። ስምሽ እንዲቀር አልፈልግም።»

«ጋዛችሁን ጫኑ» አልኩት፤ «ስሜን ግን በጋዝ ላይ አላኖርም። አንድ ነገር ብቻ ስጡኝ። የእኔ ዕቃ ከነሽቦው ሁለት ዳቦ አይከብድም፤ ከሳተላይቶቹ ላይ አታውርዱት። ጋዛችሁ ሲያልቅ ሳተላይቶቹን ምን ታደርጓቸዋላችሁ?»

«ምን እናደርጋቸዋለን? ይጣላሉ።»

«ስትጥሏቸው ለእኔ ስጡኝ።»

«ትርፍራፊ ነው የምትለምኚኝ?»

«የጋብሮቮ ልጅ ነኝ ፕሮፌሰር። ትርፍራፊ የሚባል ነገር አናውቅም። ገና ያልተበላ ነው የምንለው።»

እንደ ቀልድ ተስማሙ። ሚስተር ፔል «ቆሻሻውን ትውሰድ» ብሎ ፈረመልኝ አሉ። እኔም በግማሽ ደሞዝ፣ ከመስኮት የራቀች ጠረጴዛ ይዤ ቀረሁ። እጠብቃለሁ።

ዝላቲና

*

ጋብሮቮ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 2012

ለዝላቲና፤

ዛሬ የቅዱስ ኒኮላስ ቀን ነው። ዓሣው ምድጃ ላይ ነው፤ እስኪበስል ልጻፍልሽ። መንገደኛን የሚጠብቅ ቅዱስ አንቺንም፣ ሰማይ የምትሰጃቸውንም ይጠብቅ።

ዝም ያልኩሽ ስለተናደድኩ ነው። በሁለት ነገር ተናድጃለሁ። አንደኛ፣ ክሩን ሰው ላይ፣ ፍየል ላይ፣ ዛፍ ላይ እሰሪ አልኩ እንጂ መብረቅ ላይ እሰሪ ማን አለሽ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኔ አንዲት ክር ሳታብር አንድ ላቦራቶሪ አሠረች። ጎሽ የኔ ክር! ለጎረቤቶቼ ስነግራቸው ሳቁ፣ እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አምስት ዓመት የለፋሽበትን በገዛ እጄ ገምጄ ነው የላክሁብሽ።

ሁለተኛ፣ ስበሽኛል ስላልሽኝ። አዎ ስቤሻለሁ። ምን ላድርግ? ልጄ ወደ ባሕር ይስበኛል፣ እኔ አንቺን ወደዚህ እስባለሁ። ጎታች ለጎታች ሆነን ቀረን።

ሚንቾ ሻንጣውን ይዞ መጥቶ ነበር። ያንቺ ወረቀት አልመጣልኝምና ራሴ ነገርኩት።

«እማዬ፣ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?» አለኝ።

«ስወድቅ አልጮህም። አንተም አትሰማኝም፣ እኔም አልሰማህም።»

«በክረምት ቧንቧው ይቀዘቅዛል!»

«እኔም እቀዘቅዛለሁ። አብረን ቀዝቅዘን አብረን እንቀልጣለን።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«አፍንጫህን ላስ ይልሃል!»

ተናዶ ሄደ። ሻንጣውን ረስቶት ሄደ፤ ሽንኩርት አስቀምጬበታለሁ።

ለሱ ምንም እንዳትጽፊ። ቤቴን እኔው እጠብቃለሁ። አንቺም ትርፍራፊሽን ጠብቂ። እኔ ብሆን ያንን ነበር የምጠይቀው። ግን ነይ የሚለውን ቃል ከአፌ ላጠፋው አልቻልኩም፤ በየደብዳቤው መጨረሻ ላይ ሊገባ ሲል እጄን እይዘዋለሁ። የማርች ክር ግን ከእንግዲህ አልልክልሽም።

ዓሣው አረረ።

ስቶይና

*

ኮሎራዶ፣ ኦገስት 21 ቀን 2014

ለተከበሩ አክስቴ ለስቶይና፤

በየበዓሉ ከምንላላከው ካርድ በቀር እንዲህ ቁጭ ብዬ ከጻፍኩልዎ ቆየሁ። ሰላምታዬ የቆየ ወይን ይሁንልዎ።

መንትዮቹ ወጥተዋል! ሮኬቱ ሲነሳ መስኮት ካላት ክፍል ነው ያየሁት፤ ጠረጴዛዬ ግን አሁንም ጥግ ላይ ናት። እዚህ «ሀ» እና «ለ» ይሏቸዋል። እኔ በልቤ ስቶይናና ጋኒዮ ብያቸዋለሁ፤ ቀረብ ሲሉ ስለሚጣሉ፣ ራቅ ሲሉ ስለሚፈላለጉ።

በጋዝ ነው የሚሄዱት። ፉት፣ ፉት። ባለፈው ወር ጋኒዮ በጣም ቀርቦ ሲተፋ የስቶይና መስታወት ጉም ለበሰ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሳታይ ሄደች። ሚስተር ፔል «የሚጠበቅ ነው» አለ። የእኔ ዕቃ ጎናቸው ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። አንድ ቀን ለሙከራ አሥር ደቂቃ ስጡኝ ብል «ስምምነታችን ስንጥለው ነው» አሉኝ። እሺ። ይጠጡ። የገና በዓል ከመድረሱ በፊት ጠርሙሱ ባዶ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ድሮ የነበረው ጽሑፍዎ ቀጥ ያለ ነበር። የፋሲካው ካርድ ግን መስመሩን ስቶ ወደ ታች ወረደብኝ። ደህና ነዎት?

ዝላቲና

*

ጋብሮቮ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 2014

ለዝላቲና፤

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለመንትዮቹ።

ደህና ነኝ። እጄ ትንሽ ሰንፏል። ሚንቾ እዚህ ነው፤ ምን ሊሠራ እንደመጣ አላውቅም፤ ሾርባ ያበስላል፣ ጨው ያበዛል።

ስሜን ለቆርቆሮ ስትሰጪው ማንን አስፈቀድሽ? ግን እሺ። ጋኒዮ ሲጠጋት ትግፋው። ድሮም አጥር አያውቅም።

ስቶይና

*

ኮሎራዶ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2015

ለተከበሩ አክስቴ፤

እግዚአብሔር ይማርዎ። እንዲህ ብዬ የምጀምረው ስለማውቅ ነው። ሚንቾ ጻፈልኝ። በኦክቶበር ደረጃው ላይ ወድቀው የዳሌ አጥንትዎ እንደተሰበረ፣ ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ እንደሆኑ፣ ቫርና ሆስፒታል አልሄድም ብለው ጎረቤት የሰማውን ስድብ እንደሰደቡት፣ ሁሉንም ነገረኝ። «እጄ ሰንፏል» ነው ያሉኝ! አክስቴ፣ አለቀስኩም ሳቅሁም።

ጋዙ በጃንዋሪ አለቀ። ሰዎቹ መዝገባቸውን ዘግተው፣ ኬክ ቆርሰው፣ ጠጥተው ሄዱ። ክፍሉ ውስጥ እኔና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ብቻ ቀረን። ስቶይናና ጋኒዮ መለያየት ጀምረው ነበር። ዕቃዬን ከፈትኩ። ወደ ሦስት ዓመት የተኛ ነገር ነው፤ ይነሳ አይነሳ ማን ያውቃል? ሆዴ ባዶ እንደሆነ ቆሜ ሳየው መለኪያው ንቅንቅ አለ። መጀመሪያ ሳብናቸው፣ ተቀራረቡ። ከመጠን ሲቀራረቡ ገፋናቸው። አልፈው ሄዱ፣ መለስናቸው። በሦስተኛው ቀን ሠላሳ ሜትር ላይ ቆሙ። ይኸው ቆመዋል።

ኮርዊን ትናንት መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«እንዴት ናቸው?»

«ቆመዋል።»

«ያለ ጋዝ?»

«ጋዙንማ እናንተ ጠጥታችሁ ጨረሳችሁ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና መለኪያውን ሲያይ ዋለ።

እስከ ሜይ ከቆዩ ማንም ሊክደው አይችልም። ግን ቀንና ሌሊት ሰው ይፈልጋሉ፤ ባልደረባዬ ብቻዋን አትችልም። እኔ ከሄድኩ ኮርዊን ይዘጋዋል፣ እነሱም ተላትመው ወይም ተበትነው ይቀራሉ። ይህንን እያወቅሁ ነው ቲኬት የቆረጥኩት፤ ለትንሣኤ ዋዜማ። እርስዎ ከዚህ ሁሉ ይበልጡብኛል። የመጨረሻዬን ተናግሬያለሁ፣ አይከራከሩኝ። እመጣለሁ።

ዝላቲና

*

ጋብሮቮ፣ ማርች 18 ቀን 2015

ለዝላቲና፣ ለጋኒዮ የልጅ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ፤

አልጋዬን የባረከ አምላክ ወንበርሽንም ይባርከው፤ ከሱ ላይ እንዳትነሺ።

ይህን ደብዳቤ በፈጣን ፖስታ ነው የላክሁት። እኔ! ለፈጣን ፖስታ ከፈልኩ! የፖስታ ቤቷ ልጅ የባሰብኝ መስሏት ሚንቾን «እናትህ ልትሞት ነው እንዴ?» አለችው። አልሞትም። ጊዜ የለኝም።

ሚንቾ ቤት ዘጋግቶ ሊወስደኝ ነበር የመጣው። እኔ አልነቃነቅ ስል እሱ ነቅሎ መጣ። ከወደቡ ፈቃድ ወስዶ አያትሽ ክፍል ገብቷል። ጣሪያውን ለማን እንዳስጠገንኩት አሁን ታወቀ። ስለዚህ ብቻዬን ነኝ ብለሽ አታልቅሺ። ሾርባውን ግን እስክትመጪ ድረስ እሰድበዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሽመላዋ መጥታ የትምህርት ቤቱ ጭስ ማውጫ ላይ አረፈች። በመስኮት አየኋት። ሚንቾን «ውሰደኝ ወደ ፕሪሙ» አልኩት። በወንበር ተሸክሞ አወጣኝ፣ እያማረረ። «ግራ በል፣ ቀስ በል፣ ክሬን ነጂ አይደለህ እንዴ!» እያልኩ ደረስን። ፕሪሙ ገና እንቡጥ ነው። የእጄን ክር ፈትቼ ቅርንጫፉ ላይ አሰርኩት። አንቺ ዘንድ ክር የለም፤ ያንቺንም ድርሻ እዚሁ እኔው ፈታሁልሽ።

መሬት የያዘች ኳስ መግፋት አትችልም ብለሽኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታንገበግበኝ ኖረች ይህች ነገር። እኔ ከዚህ መሬት አልነቀልም። ሚንቾ አልነቀለኝም፣ ሐኪሙ አልነቀለኝም፣ የተሰበረ አጥንትም አልነቀለኝም። ግን ይኸው ከመሬቴ ሳልነሳ ገፋሁሽ። አትምጪ! ይህንን ፕሮፌሰርሽ መጽሐፉ ላይ ይጨምረው።

እነዚያ ቆሻሻ ያሉት ነገር ሰማይ ላይ ቆሟል፣ ስሙም ስቶይና ነው። ለእኔ ብለሽ ብትለቂያት፣ እኔ ነኝ ለሁለተኛ ጊዜ የምወድቀው። በርቺ። ይኸው አልኩት፤ በርቺ፣ በርቺ፣ በርቺ። ያለፉትንም ዓመታት አብሬ ነው ያልኩልሽ።

ቲኬቱን ዛሬውኑ መልሺ። ገንዘቡን አንመልስም ካሉሽ ግን ምን ይደረጋል፣ ነይ፤ ቲኬት አይቃጠልም።

አክስትሽ ስቶይና